«በቅርቡ ታሞ ነበር?» ሲሉኝ «አይ» አልኩ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ፅሁፍ ስንቴ ጀምሬ እንደተውኩት አልነግራችሁም። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት የማውቃት እናት ማታ ደውላ «ልጄ 4 ቀን ሙሉ ትኩሳቱ አልወርድ አለ፣ ሆዱን ያመዋል፣ ኮሮና ግን አስመርምሬው ኔጌቲቭ ነው» ስትለኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ስልኩን እንደዘጋሁ በቃ ዛሬ ልጨርሰው ብዬ ቁጭ አልኩ። ረጅም ነው ይቅርታ። ሀኪም አይደለሁም፣ የ8 አመት ልጄ ኤምአይኤስ-ሲ በሚባል በሽታ አይሲዩ (የፅኑ ህሙማን ክፍል) ገብቶ የዳነልኝ እናት ነኝ፣ ከዛ በላይ አይደለሁም።

በሽታው ምንድነው ለምትሉ፣ ልጁን ኮሮና ከያዘው በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሰውነቱ ከውስጥ በብዙ ቦታ የሚቆጣበት ህመም ነው፣ ልቡ፣ ሆዱ፣ ቆዳው፣ አይኑ፣ ደም ስሮቹ፣ አንዳንዴ ኩላሊቱም። እኤአ ኤፕሪል 2020 ላይ እንግሊዝ ያሉ የህፃናት ሀኪሞች «ጤነኛ የነበሩ ልጆች በሾክ እየመጡብን ነው» (ሾክ ማለት ደም ለሰውነት በበቂ ሳይደርስ ሲቀር ነው) ብለው ማስጠንቀቂያ አወጡ፣ በሜይ ስም ወጣለት፣ አሜሪካኖቹ ኤምአይኤስ-ሲ አሉት አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ፒምስ ይሉታል፣ ሁለቱም አንድ ነው። እንዳትደነግጡ በጣም ጥቂት ልጅ ነው የሚይዘው። በመጀመሪያው አመት አሜሪካ ውስጥ በተሰራ ስሌት ቫይረሱ ከገባባቸው 3000 ገደማ ልጆች አንዱን ነው፣ ኦሚክሮን የሚባለው የቫይረሱ ዝርያ ከመጣ በኋላ ደግሞ ከዛም በጣም ቀንሷል። ግን ያ አንዱ የኔ ልጅ ሲሆን ቁጥሩ ምንም አላፅናናኝም፣ እውነቱን ለመናገር።

የኛ ነገር እንዲህ ነው የጀመረው። እኤአ 2021 ላይ ባለቤቴን ኮሮና ያዘው፣ ሶስት ቀን ትኩሳት፣ ሽታ ጠፋው፣ በሳምንቱ ደህና ሆነ። እኔን ራስ ምታት ብቻ። ልጆቹ ምንም! ትልቁ ግማሽ ቀን ንፍጥ ነገር ነበረው፣ ትንሿ እሱም የላትም። «ልጆችን አይነካም» ይባል ስለነበር ልጆቹን ማስመርመሩን እንኳን አላሰብነውም። ረሳነው፣ ከልባችን ረሳነው።

ከአንድ ወር ትንሽ አለፍ ብሎ ሀሙስ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ ቦርሳውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተኛ። ግንባሩን ስነካው ይቃጠላል፣ 38.7። ሆዴን አለኝ። ያው የተበላሸ ነገር በልቶ ይሆናል ብዬ ፓራሲታሞል ሰጠሁት ተኛ። አርብ 39.6 ገባ፣ ያስመልሰዋል፣ ተቅማጥም ጀመረው። ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ሀኪሙ ጉሮሮውን አየ፣ ቀልቷል፣ «ቶንሲል ነው» አለኝ፣ አንቲባዮቲክ ፃፈ። ከመፃፉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር፣ ዛሬም ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ፣ «በቅርቡ ታሞ ነበር?» አለኝ። እኔም በሙሉ ልቤ «አይ ጤነኛ ልጅ ነው» አልኩት።

ውሸት አልነበረም እኮ። «በቅርቡ» ሲለኝ በኔ ጭንቅላት ያለፈው ሳምንት ማለት ነው። የዛሬ ወር የነበረች የግማሽ ቀን ንፍጥ እንዴት ትምጣልኝ።

ቅዳሜ ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም። ፓራሲታሞሉን ስሰጠው ወደ 38.5 ይወርድና ከሁለት ሰአት በኋላ ተመልሶ 39.8። ሁለቱም አይኖቹ ደም መሰሉ፣ ግን አይን አር የለውም፣ አይጣበቅም፣ ዝም ብሎ ቀይ ነው። ከዛ ሆዱና ደረቱ ላይ ሽፍታ ወጣ። የኛ ቆዳ ጠቆር ስለሚል መቅላቱ ብዙም አይታይም፣ እጄን ሳሳርፍበት ነው ሻከር ማለቱን ያወቅኩት። ክሊኒክ ስደውል «የመድሀኒቱ አለርጂ ሊሆን ይችላል አቁሚው ሌላ እንቀይርለታለን» አሉኝ። ተቀየረ። አሁን ሳስበው እዛ ጋ ሌላ አንድ ቀን ጠፋን፣ ግን ሰዎቹን አልወቅስም፣ ትኩሳት ሲደመር ሽፍታ ሲደመር አዲስ መድሀኒት፣ ማንም ቢሆን አለርጂ ነው የሚለው።

እሁድ ጠዋት ግን ልጄ ልጄ አልነበረም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ምላሱ ቀልቶ ነጠብጣብ ነጠብጣብ አውጥቷል፣ መዳፉ አብጧል፣ ሆዱ በቀኝ በታች በኩል ሲነካ ይጮሀል። ሰውነቱ እሳት ሆኖ እግሩን ስነካው ቀዝቃዛ ነው! ካልሲ ደራረብኩለት። (እግሩ በርዶት አልነበረም፣ ደሙ እዛ መድረስ እያቃተው ነው፣ እኔ ካልሲ አለብሰዋለሁ።) ሽንት ከትላንት ማታ ጀምሮ አንዴ ብቻ፣ እሷም ትንሽዬ ጠቆር ያለች። ስጠራው «እ» ይላል ተመልሶ ያንቀላፋል። አባቱ አቅፎት ወደ ሆስፒታል በረርን።

ድንገተኛ ክፍል ሲያዩት መጀመሪያ የጠረጠሩት ትርፍ አንጀት ነው። እንዴት አይጠረጥሩ፣ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ በቀኝ በኩል የሆድ ህመም። ቀዶ ጥገናው ክፍል ተነገረው፣ ምንም እንዳይቀምስ ተባለ፣ እኔም ለመፈረም ወረቀት እየተሰጠኝ ነው። አልትራሳውንድ ሲታይ ግን ትርፍ አንጀቱ ደህና ነው፣ ሆዱ ውስጥ ያሉት እጢዎች አብጠዋል፣ ትንሽ ፈሳሽም አለ። በኋላ እንደሰማሁት በዚህ በሽታ ትርፍ አንጀት ነው ተብለው ቀዶ ጥገና ክፍል ድረስ የገቡ ልጆች ብዙ አሉ።

ከዛ ተረኛዋ የህፃናት ሀኪም መጣች። ወጣት ናት፣ ድካሟ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። መጀመሪያ ምንም ሳትጠይቀኝ ደረቱን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ያዘችና ለቀቀችው፣ የተጫነው ቦታ ወደ ቀለሙ እስኪመለስ አፏ ውስጥ ትቆጥራለች። ከሁለት ሰከንድ በታች መመለስ ነበረበት፣ የሱ አራት ደረሰ። ፊቷ ተለወጠ። የልብ ምት 148፣ የደም ግፊት 78 በ 40። ከዛ ወደኔ ዞራ እንዲህ አለችኝ፣

«እናቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስለዚህ ሳምንት አይደለም። የዛሬ ወር፣ ወር ተኩል አካባቢ ቤታችሁ ውስጥ ማንኛውም ሰው፣ እሱ ባይሆንም፣ ጉንፋን የመሰለ ነገር ነበረው?»

እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ከበሩ ጋ «እኔ ኮሮና ነበረብኝ» አለ።

በቃ። ከዛች አረፍተ ነገር በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሮጥ ጀመረ።

ምርመራውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ወረቀቱን ይዛችሁ ግራ እንዳይገባችሁ። ሲአርፒ የሚባለው መቆጣትን የሚያሳየው 210 ሆነ፣ ጤነኛ ሰው ላይ ከ10 በታች ነው። ፌሪቲንና ዲ-ዳይመር (መቆጣትንና የደም መርጋትን የሚያሳዩት) ጨምረዋል። ከነጭ ደም ሴሎች ውስጥ ሊምፎሳይት የሚባሉት ወርደዋል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌትም 110 ሺ ገብቷል (ከ150 ሺ በታች ዝቅተኛ ነው)። ትሮፖኒን የሚባለው የልብ ጡንቻ ሲጎዳ የሚወጣው ጨምሯል። ከዛ ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ተሰራለት፣ የልቡ የመርጨት አቅም 42 ፐርሰንት። ቢያንስ 55 መሆን ነበረበት። ለልቡ ራሱ ደም የሚያደርሱት ደም ስሮችም በትንሹ ሰፍተዋል። ይሄንን የነገሩኝ ቆሜ ነው፣ እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

አንድ ነገር እዚህ ጋ አስምሩበት። የኮሮና የአፍንጫ ምርመራው፣ ፒሲአሩ፣ ኔጌቲቭ ነው። እኔ እሱን ስሰማ «እንግዲያው ኮሮና አይደለም!» ብዬ ልከራከር ነበር። ዶክተሯ ስታስረዳኝ ቫይረሱ ከሄደ ቆይቷል፣ ሰውነቱ ግን መሄዱን አልሰማም፣ ውጊያው ላይ ነው፣ ለዛ ነው አፍንጫው ላይ የማይገኘው። የሚፈለገው አንቲቦዲው፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሰራው ነገር ነው፣ ደሙ ውስጥ ሲፈለግ እሱ ፖዘቲቭ ሆነ። ደሙም አይቪአይጂ የሚባለው መድሀኒት ከመሰጠቱ በፊት ነው መቀዳት ያለበት፣ ምክንያቱም መድሀኒቱ ራሱ የሌላ ሰው አንቲቦዲ ነው፣ ከተሰጠ በኋላ ቢመረመር የማን እንደሆነ አይለይም። ያቺ የደወለችልኝ እናትም የተሸወደችው እዚሁ ጋ ነበር፣ «ኔጌቲቭ ነው» ተባለችና ኮሮናን ከሀሳቧ አወጣችው።

አይሲዩ ገባን። አራት ቀን ነው የቆየነው። ለአባቱ ሳልናገር በየሰአቱ ሞኒተሩ ላይ ያለችውን ቁጥር ስልኬ ላይ እየፃፍኩ ነበር፣ ምን እንደሚጠቅመኝ እንጃ፣ እጄ ስራ ስለፈለገ ይመስለኛል። ግሉኮሱን በፍጥነት የሚለቁለት መስሎኝ ነበር፣ እነሱ ግን በትንሽ በትንሹ እየሰጡ በየመሀሉ ጉበቱን ይነካሉ፣ ሳንባውን ያዳምጣሉ። ልቡ ደክሞ ስለነበር ፈሳሽ ከበዛበት ሳንባው ላይ ይጠራቀማል አሉኝ። ግፊቱን ከፍ የሚያደርግ መድሀኒት በማሽን በጠብታ ተደረገለት፣ ኦክስጅን በአፍንጫ፣ ደም እንዳይረጋ ደግሞ የምትወጋ ትንሽ መርፌ አለች፣ እሷን ነው አጥብቆ የሚጠላት። ትልቅ ካኑላ አንገቱ ላይ ተተክሎ አስሬ ደም ሲቀዳለት ዝም ያለ ልጅ ያችን ቀጭን መርፌ ሲያይ ያለቅሳል።

ዋናዎቹ ሁለት መድሀኒቶች አይቪአይጂና መቆጣትን የሚያበርደው ስቴሮይድ ናቸው። አይቪአይጂ ማለት ከብዙ ሺ ደም ለጋሾች ፕላዝማ ተጣርቶ የሚሰራ አንቲቦዲ ነው፣ በጠርሙስ ነው የሚመጣው። መጠኑ በኪሎ 2 ግራም ነው፣ ልጄ 26 ኪሎ ስለነበር 52 ግራም። በልቡ ምክንያት ቀስ ብሎ ነው የገባለት፣ ከምሽት እስከ ጠዋት ፈጀ። እኔ አጠገቤ የተቀመጠውን ጠርሙስ ላንቀሳቅሰው ስል ሲስተሯ «ኧረ የኔ እናት እንዳትነቀንቂው፣ አረፋ ይሰራል» ብላ ወሰደችው። እኩለ ለሊት ላይ ልጄ ብርድ ብርድ አለው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ጭንቅላቴን አለ፣ እኔ አለቀ ብዬ ጮህኩ፣ ሲስተሯ ፍጥነቱን ቀነሰችው፣ በግማሽ ሰአት አለፈለት። የሚጠበቅ ነገር ነው፣ ከዚህ መድሀኒት ጋር ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት የተለመደ ነው፣ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ክፍሉን በጩኸት አላናውጠውም ነበር። ስለዚ እኔ ነገርኳችሁ።

ስቴሮይዱ ከዛው ጋር ተጀመረ። በአንዳንድ ልጆች ላይ እነዚህ ሁለቱ ካልበቁ አናኪንራ ወይም ኢንፍሊክሲማብ የሚባሉ ሌሎች መቆጣትን የሚያበርዱ መድሀኒቶች አሉ፣ እኛ አልደረስንባቸውም። ማክሰኞ ከሰአት ትኩሳቱ 37.4 ሆነ። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ እንዲያመጡ ጠየቅኩ። እውነቴን ነው።

ረቡዕ ጠዋት አይኑን ገልጦ «እማ ስልክሽን ስጪኝ» አለኝ። በሌላ ጊዜ የምቆጣበት ነገር ነው። ሰጠሁት።

ትንሽ ወጣ ልበልና፣ ስለዚህ በሽታ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ የካዋሳኪ በሽታ የሚባል ሌላም ታገኛላችሁ፣ ምልክቶቹ ስለሚመሳሰሉ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ካዋሳኪን ቶሚሳኩ ካዋሳኪ የሚባሉ ጃፓናዊ የህፃናት ሀኪም ናቸው እኤአ በ1967 የ50 ልጆች ታሪክ ሰብስበው ያሳተሙት፣ የሚገርመው እሳቸው ያረፉት በጁን 2020 ነው፣ ልክ ይሄኛው በሽታ ስም ባገኘ በወሩ። ካዋሳኪ በአብዛኛው ከ5 አመት በታች ያሉትን ነው የሚይዘው፣ ይሄኛው ግን 8 እና 9 አመት አካባቢ ያሉትን ይበዛል፣ የሆድ ህመሙና የልብ ጡንቻ መድከሙም ይብሳል። ካዋሳኪም ቢሆን ግን በጊዜ፣ ማለትም በ10 ቀን ውስጥ፣ አይቪአይጂ ካልተሰጠ ከአራት ልጆች አንዱ ላይ የልብ ደም ስር ይጎዳል። ስለዚ ልጃችሁ ትንሽ ከሆነና ትኩሳቱ 5 ቀን ከሞላው፣ አይኑ ከቀላ፣ ከንፈሩ ከተሰነጠቀ «ኮሮና ቤታችን አልገባም» ብላችሁ አትቀመጡ፣ ካዋሳኪም አለ።

በአጠቃላይ 9 ቀን ተኝተን ወጣን። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያላችሁ አለቀ» ይለኛል፣ አላለቀም ግን። ቤት ከገባችሁ በኋላ ያለውን ማንም ስለማያወራው እሱን ልዘርዝረው።

ስቴሮይዱ ወደ ፕሬድኒሶሎን ኪኒን ተቀይሮ በሶስት ሳምንት ቀስ እየተባለ ነው የተቀነሰው፣ ድንገት አይቆምም፣ «ልጁ ተሽሎታል» ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ልጄ በነዛ ሶስት ሳምንታት ሌላ ሰው ነበር። ለሊት 9 ሰአት ተነስቶ ፍሪጅ ከፍቶ አገኘዋለሁ፣ ፊቱ ተነፍቶ ክብ ሆነ፣ እህቱን ያለምክንያት ይመታል፣ ከዛ ራሱ ያለቅሳል። እኔ ከህመሙ የተነሳ ጭንቅላቱ ተነካ ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ፣ መድሀኒቱ ነው ለካ፣ ሲያልቅ ሁሉም ለቀቀው። ለጨጓራው መከላከያ አብሮ ተሰጥቶታል፣ ካልተሰጣችሁ ጠይቁ።

አስፕሪንም አለ፣ በትንሽ መጠን፣ በቀን አንዴ፣ ደሙ እንዳይረጋ። ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም ሲባል ስለምንሰማ አያቱ በጣም ተቆጥተው ነበር። እውነት ነው በራሳችን አንሰጥም፣ እዚህ ጋ ግን ሀኪም አስቦበት በልክ ነው የሚሰጠው። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ ብለውኛል፣ አንደኛ አስፕሪን እየወሰደ አይቡፕሮፌን አትስጪው የአስፕሪኑን ስራ ያበላሽበታል፣ ሁለተኛ ኩፍኝ የሚመስለው ጉድፍ ጉድፍ የሚያወጣው በሽታ (ቺክን ፖክስ) ወይም ኢንፍሉዌንዛ ያለበት ሰው አጠገብ ከደረሰ በዛው ቀን ደውይልን። ምክንያቱም እነዚህ ቫይረሶች ከአስፕሪን ጋር ሲገናኙ ሬይ ሲንድሮም የሚባል ጉበትና አንጎል የሚጎዳ ነገር ሊያመጡ ይችላሉ።

ክትባት! አይቪአይጂ የወሰደ ልጅ የኩፍኝና የመሳሰሉት ህይወት ያላቸው ክትባቶች ለ11 ወር ይዘገዩበታል፣ የተሰጠው አንቲቦዲ ክትባቱን ስራ ስለሚያስፈታው ነው። ትንሽ ልጅ ካላችሁ የክትባት ካርዱ ላይ መድሀኒቱ የተሰጠበትን ቀን አፅፉ፣ አለበለዚያ ጤና ጣቢያ ያለው ሰው በምን ያውቃል። ደግሞ የደም አይነታቸው ኤ፣ ቢ ወይም ኤቢ የሆኑ ልጆች ከአይቪአይጂ በኋላ ባሉት ቀናት ቀይ የደም ሴላቸው ሊፈርስና ደም ሊያንሳቸው ስለሚችል ልጁ ገርጣ ካለ ወይ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ ቶሎ ተመለሱ።

በሶስተኛው ሳምንት የጣቶቹ ጫፍ መላጥ ጀመረ። ቆዳው እንደ ጓንት ነው የሚወጣው። ተመለሰብን ብዬ ለሊቱን ሳለቅስ አድሬ ጠዋት ስደውል ዶክተሯ ሳቀች፣ «እየዳነ ነው» አለችኝ። ምንም አያመውም፣ እሱ እንደውም እየላጠ ለጓደኞቹ ያሳይ ነበር፣ ወንዶች።

ከሁሉም የከበደው ስፖርት ነው። ልቡ ተነክቶ የነበረ ልጅ ከ3 እስከ 6 ወር መሮጥ፣ ኳስ፣ ምናምን የለም፣ ወደ ስፖርት ከመመለሱም በፊት ኢኮ፣ ኢሲጂ (የልብ ምቱን በኤሌክትሪክ የሚያሳየው)፣ እየሮጠ የሚሰራ የልብ ምርመራ ይደረጋል። ለ8 አመት ወንድ ልጅ አትሩጥ ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው? ትምህርት ቤት ከሀኪሙ ደብዳቤ ወሰድኩ፣ የስፖርት አስተማሪው ግን መጀመሪያ አላመነኝም፣ ልጁን ሲያየው ደህና ነዋ! ከዛ ሰአት መያዝና ጎል መቁጠር ሰጠው፣ ዳኛ ሆነ፣ ስልጣን ተሰማው መሰለኝ ትንሽ ቀለለልን። ኢኮው ላይ የልቡ የመርጨት አቅም በሁለት ሳምንት 51 ፐርሰንት ሆነ፣ በስድስት ሳምንት 60፣ ደም ስሮቹም ወደ ልካቸው ተመለሱ። አብዛኞቹ ልጆች ልባቸው በሳምንታትና በወራት ውስጥ እንደሚመለስ ነግረውኝ ነበር፣ ወረቀቱን በአይኔ እስካይ ግን አላመንኩም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ልመልስ። ተላላፊ ነው ወይ? ኤምአይኤስ-ሲ ራሱ አይተላለፍም፣ የሚተላለፈው ኮሮናው ነው። ትንሿን ልጄን ከሱ ማራቅ አላስፈለገንም። የኔ ልጅ የተደበቀ በሽታ ስለነበረው ነው ወይ? አይደለም፣ በዚህ የተያዙት አብዛኞቹ ልጆች ከዛ በፊት ምንም ያልነበረባቸው ናቸው። ይሞታል ወይ? አሜሪካ ውስጥ ከተመዘገቡት ከ100 ልጆች አንድ ገደማ ሞተዋል፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም፣ ግን 99ኙ ተርፈዋል፣ ህክምናውም ይታወቃል፣ መዘግየት ነው አደጋውን የሚያብሰው። ክትባትስ? የኮሮና ክትባት የወሰዱ ልጆች ላይ ይሄ በሽታ የመከሰት እድሉ በጣም እንደሚቀንስ ታይቷል። ልጄን መቼ እንደምናስከትበው ግን ከልቡ ሀኪም ጋር ተማክረን ነው የወሰንነው፣ ሰውነቱ ሙሉ በሙሉ ካገገመ በኋላ።

መቼ ነው መሮጥ ያለባችሁ፣ እሱን ከኔ ስህተት ውሰዱ። ትኩሳት 3 ቀን ካለፈውና ከሱ ጋር ሆድ ህመምና ማስመለስ፣ ወይ የአይን መቅላት፣ ወይ ሽፍታ ካለ ኮሮና ቤታችሁ ገብቶ ይሁን አይሁን አስቡ። ቆዳው ጠቆር ያለ ልጅ ላይ መቅላት ፈልጋችሁ አታገኙትም፣ መዳፉን፣ የእግሩን ውስጥ፣ ከንፈሩን፣ ምላሱን እዩ፣ ቆዳውን ዳብሱት። ሰውነቱ እየነደደ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ደረቴን ካለ፣ ስትጠሩት ከፈዘዘ ግን ክሊኒክ አይደለም፣ ቀጠሮም አይደለም፣ በቀጥታ ድንገተኛ። ልጆች ግፊታቸው የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው፣ እስከዛ ልባቸው በፍጥነት እየመታ ይሸፍንላቸዋል፣ ስለዚ «ግፊቱ ደህና ነው» ቢባል እንኳን የልብ ምቱ ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

እና ያቺ ጥያቄ። ከሆስፒታል ልንወጣ ስንል ለዶክተሯ ነገርኳት፣ አርብ ቀን ክሊኒክ «በቅርቡ ታሞ ነበር?» ሲሉኝ አይ እንዳልኩ፣ አዎ ብል ኖሮ ሁለት ቀን ቀድሞ ይታወቅ እንደነበር፣ እንቅልፍ እንደነሳኝ። ፋይሉን እየፃፈች ነበር፣ ቀና አላለችም፣ «እኛ በቅርቡ ስንል ወር ማለታችን ይሁን ሶስት ቀን እርስዎ በምን ያውቃሉ? ጥያቄው ነው ትክክል ያልነበረው» አለችኝ። አላፅናናኝም ብል ይሻላል። ግን ስራ ሰጠኝ። እንዲጠይቋችሁ አትጠብቁ፣ ገና ስትገቡ «ከዚህን ያህል ሳምንት በፊት ቤታችን ውስጥ እገሌን ኮሮና ወይም ጉንፋን ይዞት ነበር» በሉ። ቀኑን ለማስታወስ ደግሞ ጭንቅላታችሁን አትመኑ፣ እኔ ፍሪጁ ላይ ካላንደር ለጠፍኩ፣ ቤት ውስጥ ያስነጠሰ ሰው ሁሉ ይፃፋል። ባለቤቴ ይስቅብኛል፣ «ዛሬ ሁለቴ አስነጥሻለሁ ፃፊልኝ» ይለኛል።

ያቺ እናት በዛው ለሊት ልጇን ይዛ ሄደች። «ቤታችሁ የዛሬ ወር ማን ታሞ ነበር?» ብዬ ስጠይቃት ዝም ብላ ቆየችና «እህቴ» ነበር ያለችኝ። ልጇ አሁን ክፍል ውስጥ ነው፣ አይሲዩ አልገባም፣ ትላንት ትኩሳቱ ወርዷል። የኔው ደግሞ ኳስ ሜዳ ነው፣ ዳኝነቱን ትቶታል። ትንሿ ማክሰኞ እለት ትንሽ ሳል ነበራት፣ ፅፌዋለሁ።